የጣዝማ ማር፣ የግመል ወተትና ለጋ ቅቤ፤ የትኛው ምግብ፣ የትኛው መድኃኒት?

(ይህ ጽሑፍ ናይሮቢ ከተማ፣ ኪሌሌሽዋ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተደረገ ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ለመገኘት ላልቻላችሁ በካምፕ ለምትገኙ ወገኖቻችን እንዲደርሳችሁ በማሰብ እነሆ አቅርበነዋል። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድመን ከኢስሊም ሆነ ከካዋንግዋሬ፣ ከሩቅም ከቅርብም ማታቱ ተሳፍራችሁ እዚህ ኪሌሌሽዋ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን። እኛ ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው በስደተኛው መካከል የጤና ምክር የምንሰጥ ወገኖቻችሁ ነን። ራሳችንም ስደተኞች ነን። የምንበላው እናንተ የምትበሉትን፣ የምንታመመውም እናንተ የምትታመሙትን ነው። ስለዚህ የምንናገረው ከላይ ሆነን ለማስተማር ሳይሆን፣ ያየነውንና የምናውቀውን ለመካፈል መሆኑን እንድትረዱልን እንጠይቃለን።

የዛሬው ርዕሳችን ከእንስሳት የሚገኙና ለጤና ይበጃሉ ተብለው የሚወሰዱ የባህል ነገሮች ናቸው። ይኸውም የጣዝማ ማር፣ ለጋ ቅቤ፣ የግመል ወተት፣ ጥሬ ሥጋና ጉበት፣ የአጥንት መረቅ፣ የዓሣ ዘይትና የመሳሰሉት ማለት ነው። ይህን ርዕስ የመረጥንበት ምክንያት አለን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወንድማችን ሳል ያዘው። ስሙን አንጠቅስም። ኢስሊ ውስጥ ከሌሎች ወገኖች ጋር በአንድ ክፍል ተዳብሎ ይኖር ነበር። ሳሉ አንድ ወር ሲያልፈው ጓደኞቹ ተጨንቀው በሞያሌ በኩል ከሀገር ቤት የመጣ የጣዝማ ማር ገዙለት። ጠጣው። ጉሮሮው ለጥቂት ቀን ቀለል አለው፤ ሳሉ ግን አልተወውም። «ገና አልጠገብከውም» ተባለና ሁለተኛ ጠርሙስ ተገዛ። ለሦስተኛው ጠርሙስ ጃኬቱንና ብርድ ልብሱን ሸጠ። በሦስተኛው ወር ደም ሲተፋ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። አክታው ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በዚያው ክፍል ይኖር የነበረ የሁለት ዓመት ሕፃን በሽታው ተጋብቶበት እሱም ታክሟል። ዛሬ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

ወገኖቻችን፣ ያን ሰው ማሩ አልጎዳውም። የጎዳው በማሩ ተስፋ ያደረገበት ሦስት ወር ነው። የዛሬው ንግግራችን ጠቅላላ ሐሳብ በዚህ ውስጥ አለ። ባህላችን ያወረሰን ምግብ መልካም ነው፤ አንንቀውም። መድኃኒት ነው ሲባል ግን መጠየቅ አለብን።

ባህላችንን ስለ መናቅ

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ያልተማረ ሰው ወሬ ነው» ይላሉ። እኛ እንዲህ አንልም። በዓለም ላይ ዛሬ በሆስፒታል ከሚሰጡት ትልልቅ መድኃኒቶች ውስጥ ከእንስሳት አካል ተገኝተው የጀመሩ አሉ። ሁለት ምሳሌ እንስጥ።

የመጀመሪያው ጉበት ነው። በድሮ ዘመን ያዘውን ሰው ሁሉ የሚገድል አንድ ዓይነት የደም ማነስ በሽታ ነበር። በ1926 ሚኖትና መርፊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በቦስተን ከተማ ለ45 በሽተኞች በየቀኑ ብዙ ጉበት እያበሉ ተከታተሏቸው። በሽተኞቹ ተሻላቸው። በዚህም ሥራ ከእነሱ በፊት በውሾች ላይ ምርምር ካደረገው ከዊፕል ጋር በ1934 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በኋላም ጉበቱ ውስጥ ያለው አዳኝ ነገር ቫይታሚን ቢ 12 መሆኑ ታወቀና በ1948 ለብቻው ተለይቶ ወጣ። ዛሬ በመርፌና በኪኒን ይሰጣል።

ሁለተኛው ኢንሱሊን ነው። በ1921 በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ፣ ባንቲንግና ቤስት ከውሻ ቆሽት የስኳር በሽታን የሚያበርድ ፈሳሽ አወጡ። በጥር ወር 1922 ደግሞ ከበሬ ቆሽት የተዘጋጀው ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠውና ከሞት ተረፈ። ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመት ያህል የዓለም የስኳር በሽተኛ የኖረው ከበሬና ከአሳማ ቆሽት በሚወጣ ኢንሱሊን ነበር።

ታዲያ በእነዚህና በገበያ በሚሸጠው ጠርሙስ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እነዚህ ተፈትነዋል። ለማን፣ ለየትኛው በሽታ፣ በምን ያህል መጠን እንደሚሰጡ በበሽተኞች ላይ ታይቶ ተጽፏል። አንድ ጠርሙስ ለሳልም፣ ለስኳርም፣ ለደም ግፊትም፣ ለመካንነትም፣ ለወገብም ያድናል ከተባለ ግን ለየትኛውም እንዳልተፈተነ እወቁ።

ስለ ማር

ከማር እንጀምር። ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ ትንሽ ንብ ናት። ማሯ ቀጠን ያለና ኮምጠጥ የሚል ሲሆን፣ የሚገኘው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ውድ ነው። በሀገራችን ለሳል፣ ለጨጓራና ለቁስል መድኃኒት ነው ይባላል።

በ2013 በጎንደር የተደረገ ጥናት የተራ ንብ ማርና የጣዝማ ማር በቤተ ሙከራ አንዳንድ ተሕዋስያንን እድገት እንደሚገቱ አሳይቷል። ስለዚህ አባቶቻችን ያሉት ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ነገር ግን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለ ተሕዋስና በሳንባ ውስጥ የተቀበረ ተሕዋስ አንድ አይደሉም። ሰው የሚጠጣው ማር በሆድ ተፈጭቶ ስኳር ይሆናል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የነቀርሳን ተሕዋስ አይገድልም።

ማር በእርግጥ የሚረዳው ለምንድን ነው? ተራ ጉንፋንና የጉሮሮ መከርከር ሲሆን ሳልን ያለዝባል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ማታ ሲተኛ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት ጥሩ ነው። ለዚህ ደግሞ ጣዝማ መሆን የለበትም፤ ተራው ማር ይበቃል።

ሦስት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጭራሽ አይሰጥም። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ዘር ሊኖር ይችላል። የአዋቂ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፤ የሕፃን አንጀት ግን አይችለውም፤ ሕፃኑ ሰውነቱ ዝሎ መተንፈስ እስኪያቅተው ይደርሳል። ይህ ዘር በቤት ውስጥ በማፍላት አይሞትም። ሁለተኛ፣ ከማር ከመቶው ወደ 80 የሚሆነው ስኳር ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው «የተፈጥሮ ነው» ብሎ እንደ ልቡ ሊጠጣው አይገባም። ሦስተኛና ዋናው፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ማር የሚጠበቅለት ሳል አይደለም። ማታ ማታ የሚያልብ፣ የሚያከሳ፣ ትኩሳት ያለው ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን አትዘግዩ። የነቀርሳ ሕክምና በኬንያ በነፃ ይሰጣል።

ስለ ለጋ ቅቤና ስለ አራስ

ቅቤ ከራሳችን እስከ ገንፏችን የማይገባበት የለም። አራስ ገንፎ በቅቤ ስትበላ ጥሩ ነው። ቅቤ ኃይል ይሰጣል፣ ቫይታሚን ኤም አለው። ደክማ ለተነሣች እናት የሚገባ ምግብ ነው። በዚህ ላይ ምንም ክርክር የለንም።

ክርክራችን ገና የተወለደን ልጅ ለጋ ቅቤ ማስላስ ላይ ነው። «አንጀቱን ያለሰልሳል፤ ሆዱን ያጥባል» ይባላል። የአራስ ልጅ አንጀት ግን መታጠብ አያስፈልገውም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ቢጫና ወፍራም የእናት ወተት፣ እንገር የምንለው፣ ልጁን ከበሽታ የሚጠብቁ ነገሮች የተከማቹበት ስለሆነ እሱ ራሱ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ለጋው ቅቤ ግን ካልተነጠረ ወተት የወጣ፣ በእጅ የተነካ፣ በካምፕ ሙቀት ውስጥ የከረመ ነው። ተሕዋስ ይዞ ሊገባ ይችላል። በዚያም ላይ ቅቤ የላሰ ልጅ ጡት ቶሎ አይዝም፤ ጡት ያልተሳበላት እናት ደግሞ ወተቷ ይዘገያል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አጭር ነው። ልጅ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ አይቅመስ። ስድስት ወር ሲሞላው ገንፎው ላይ ጥቂት የተነጠረ ቅቤ ይደረግለት፤ ያኔ ይጠቅመዋል። እንግዲህ ቅቤውን ለእናትየው ስጡ ማለታችን ነው። በእናትየው በኩል ለልጁ ይደርሳል።

ስለ ግመል ወተት

ኢስሊ የምትኖሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የግመል ወተት ወደ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ከኢሲዮሎ በአውቶቡስ እየተጫነ ይመጣል። አብዛኛውን ንግድ የሚያካሂዱት ሴቶች ናቸው። በካኩማና በዳዳብም ከሶማሌና ከቱርካና ጎረቤቶቻችን ጋር ስንኖር የግመል ወተት መጠጣት ለምደናል። ከኦጋዴንና ከቦረና የመጡት ወገኖቻችንማ በእሱ ያደጉ ናቸው።

ወተቱ መልካም ምግብ ነው። ፕሮቲንና ካልሲየም አለው፤ ከላም ወተት ይልቅ ቫይታሚን ሲ ይበዛበታል። ይህም በካምፕ ላለ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 መጨረሻና በ2018 ካኩማ ውስጥ በደቡብ ሱዳናውያን ወጣቶች መካከል ድድ የሚያደማ፣ ጉልበት የሚያሳብጥና እግርን አስሮ የሚያስቀር በሽታ ታይቶ ነበር። ስከርቪ ይባላል። የሚመጣው በቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። ራሽን ብቻ ለሚበላ ሰው ወተት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚና ጎመን ከየትም ተፈልገው መግባት ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ተባለለት መድኃኒትነቱ እንምጣ። «የግመል ወተት የስኳር በሽታን ያድናል» ይባላል። በሕንድ ሀገር፣ ቢካኔር በተባለች ከተማ ያሉ ሐኪሞች ይህን ሞክረዋል። የግመል ወተት በየቀኑ ከጠጡት በሽተኞች መካከል ይወስዱት የነበረው ኢንሱሊን መጠን የቀነሰላቸው ተገኝተዋል። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም የተሞከረባቸው ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ደግሞም ኢንሱሊኑ የተቀነሰላቸው በሐኪም ክትትል፣ ደማቸው እየተለካ ነበር እንጂ ወተት ጠጥተው መርፌውን አልጣሉም። ከእናንተ መካከል ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ ካላችሁ፣ ወተቱን ጠጡ፣ መድኃኒታችሁን ግን አንድ ቀን እንኳ አታቋርጡ።

ወተቱ የሚጠጣው ደግሞ ተፈልቶ ነው። «ከፈላ ኃይሉ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። እስቲ አንድ የቆየ ታሪክ እንንገራችሁ። በማልታ ደሴት የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ለወራት እየተመላለሰ በሚነሣ ትኩሳት ይሠቃዩ ነበር። በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለ ሐኪም ተሕዋሱን አገኘ። ከየት እንደሚመጣ ግን ሳይታወቅ ዓመታት አለፉ። በ1905 ዛሚት የተባለ የማልታ ሐኪም ተሕዋሱን በፍየሎች ላይ አገኘውና ምንጩ የፍየል ወተት መሆኑ ታወቀ። በ1906 ለወታደሮቹ የፍየል ወተት መስጠት ሲከለከል የታማሚው ቁጥር ወዲያው ወረደ። በሽታው ብሩሴሎሲስ ይባላል፤ በፍየል፣ በበግ፣ በላምና በግመል ጥሬ ወተት ይተላለፋል። እዚህ ኬንያም በአርብቶ አደሩ አካባቢ አለ።

ምልክቱ ትኩሳት፣ ማታ ማታ ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም፣ ድካም ነው። ብዙ ጊዜ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው እየተባለ ያለ ውጤት ይታከማል። እንግዲህ ለኃይል ተብሎ የተጠጣው ጥሬ ወተት ኃይልን ለወራት የሚነሣ በሽታ ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ወተቱ አንድ ጊዜ ገንፍሎ እስኪነሣ መፍላቱ ይህን ተሕዋስ ይገድለዋል። ከቫይታሚን ሲ ጥቂት ቢቀነስም ፕሮቲኑም፣ ቅባቱም፣ ካልሲየሙም አይጠፋም።

የግመል ሽንት ለመድኃኒት የሚጠጡም አሉ። ይህን ተዉት። በ2012 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ መርስ የተባለ ቫይረስ ተገኘ፤ ሳንባን የሚያጠቃና ብዙ ሰው የገደለ ነው። ቫይረሱ በግመሎች ላይ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅትም የግመል ሽንትና ያልፈላ የግመል ወተት እንዳይጠጣ፣ ሥጋውም ሳይበስል እንዳይበላ ይመክራል።

ስለ ሥጋ፣ ጉበትና ደም ማነስ

በካምፕ ውስጥ ብዙ እናቶቻችንና ሕፃናት ደም ማነስ ያጠቃቸዋል። «ጥሬ ሥጋ ብይ፣ ጥሬ ጉበት ከሐሞት ጋር ብይ» ይባላሉ። ሥጋና ጉበት ደምን የሚሠራውን ብረት በብዛት የያዙ መሆናቸው እውነት ነው። ከባቄላና ከጎመን ከሚገኘው ብረትም ይልቅ የሥጋው ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ነገር ግን ብረቱ በመብሰል አይጠፋም። ጥሬ መሆኑ የሚጨምረው የኮሶ ትልን እንጂ ብረትን አይደለም። ሞቶ የተገኘ ከብት ሥጋ ከሆነ ደግሞ አባ ሰንጋ ሊያመጣ ስለሚችል ጨርሶ አይነካም።

ሥጋ ለመግዛት አቅም ከሌለን ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ነፍሰ ጡር እናት ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን በየቀኑ ትውሰድ። ሰገራን ያጠቁራል፣ ሆድንም ጥቂት ይረብሻል፤ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይቀልላል። በዚህ ምክንያት አትጣሉት። ሁለተኛ፣ ባቄላና ምስር ስትበሉ ሎሚ ጨምቁበት፤ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚያግዱ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጡ። ሦስተኛ፣ ኦሜና የሚባለውን የደረቀ ትንሽ ዓሣ አትናቁ። ከነአጥንቱ ስለሚበላ ካልሲየም ይሰጣል፤ ዋጋውም ከሥጋ ጋር አይወዳደርም። ፈጭቶ በልጅ ገንፎ ውስጥ መጨመር ይቻላል።

የአጥንት መረቅ ለታመመ ሰው ጉሮሮን ያሞቃል፣ ምግብ ያስጀምራል። ሆኖም የተሰበረ አጥንት አይጠግንም፤ ከአጥንቱ ወደ መረቁ የሚወጣው ካልሲየም ጥቂት ነው። ሥጋው ራሱ፣ እንቁላል ወይም ወተት ከመረቁ ይበልጣል።

ስለ ውድ ጠርሙሶች

ከእኛ መካከል በዚህ በኪሌሌሽዋ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች አሉ። የአሠሪዎቻቸው መደርደሪያ በዓሣ ዘይትና ኮላጅን በሚባል ዱቄት የተሞላ መሆኑን ይነግሩናል። «ሀብታሞቹ የሚወስዱት ከሆነ እኛስ ለምን ቆጥበን አንገዛም?» ብለው ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

የዓሣ ጉበት ዘይት ቫይታሚን ኤና ዲ ስላለው ፀሐይ በማያገኙ ሀገሮች ለሕፃናት አጥንት መልካም ሥራ ሠርቷል። እኛ ግን ፀሐይ አልቸገረንም። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ፅንስን ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር እናት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰደው። ለልብ ይበጃል የሚባለውን የዓሣ ዘይት በተመለከተም በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ ወጥቶ ነበር። ዘይቱን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ከካንሰርም ሆነ በጠቅላላው ከከባድ የልብና የደም ሥር በሽታ ጉልህ በሆነ መጠን አልተጠበቁም።

ኮላጅን ደግሞ ከቆዳ፣ ከጅማትና ከአጥንት የሚወጣ ነው። የበሬ ሸሆና ሲቀቀል የሚወጣው የሚያጣብቅ ነገር ከእሱ የሚገኝ ነው። የዚህ ዘመድ የሆነ ኤጃዎ የሚባል የቻይና የባህል መድኃኒት አለ፤ ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ይሠራል። «ደም ይሞላል፣ መልክ ያሳምራል» ይባልለታል። የዚህ እምነት ዋጋ እስከ እኛ ሀገር መጥቷል። በ2017 ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ከሕዝብ በተነሣ ተቃውሞ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በኬንያም የአህያ ቄራዎች ተከፍተው ነበር፤ አንዱ ካኩማ ባለባት በቱርካና ነበር። ውሃና እንጨት የሚያመላልሱ ድሆች አህዮቻቸው ሌሊት እየተሰረቁ ተጎዱ። መንግሥት በ2020 እርዱን ከለከለ፤ በ2021 ፍርድ ቤት እገዳውን አነሣ። በመጨረሻም የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወሰኑ። እንግዲህ አስቡት። በሩቅ ሀገር ያለ ሰው ለደሙ ይበጀኛል ብሎ ለሚገዛው ሙጫ፣ እዚህ አንዲት እናት ውሃ የምታመላልስበትን አህያ አጣች።

ሦስት ጥያቄዎች

በ2025 በኬንያ ካምፖች ራሽን በብርቱ ሲቀነስ እንዳየነው፣ በእጃችን ያለው ጥቂት ሽልንግ የልጆቻችን ምግብ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ይህ ነገር ሊጎዳኝ ይችላልን? ጥሬ ነው? ያልፈላ ነው? ለሕፃን ወይም ለነፍሰ ጡር ነው?

ሁለተኛ፣ ይህን ስወስድ የማቆመው ወይም የማዘገየው ሕክምና አለን? ሻጩ «የሐኪሙን መድኃኒት ተዪ» ካለ ንግግሩን እዚያው ላይ አቁሙት።

ሦስተኛ፣ ይህን ለመግዛት የማጎድለው ምንድን ነው? ለልጆች እንቁላል፣ ባቄላና ጎመን የሚገዛ ገንዘብ ከሆነ፣ ከእነሱ የሚበልጥ መድኃኒት በዚያ ጠርሙስ ውስጥ የለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ የታመመ ሰው አስቀድሞ ይመርመር። ከዚያ በኋላ ማሩንም ወተቱንም በምግብነቱ በደስታ ይጠጣ።

ከተሰብሳቢው የቀረቡ ጥያቄዎች

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሦስቱን ከነመልሳቸው እናቀርባለን።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፦ «እኔ ልጆቼን ሁሉ ቅቤ አስልሼ ነው ያሳደግሁ፤ ዛሬ ጥፋተኛ ነሽ ልትሉኝ ነው?»

መልስ፦ የለም እማማ፣ እንዲህ አንልዎትም። እርስዎ ያደረጉት ለልጅ ይበጃል ብለው፣ በፍቅር ነው። ልጆችዎ ስላደጉም ደስ ይለናል። ነገር ግን በዚያ ዘመን በየመንደሩ ስንት አራስ ልጅ በተቅማጥና በትኩሳት እንደሞተ እርስዎ ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ። ዛሬ የሚወለዱት የልጅ ልጆችዎ ደግሞ የተወለዱት በደጋ መንደር ሳይሆን ሰው በተጨናነቀበትና ውሃ በጠፋበት ካምፕ ነው። ቅቤውን ለአራሷ እንዲሰጡ እርስዎ ቢመክሩ፣ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ይሰማሉ።

ከካኩማ ለሕክምና የመጡ አንድ አባት፦ «ወተት አፍሉ ትሉናላችሁ። እንጨቱንና ከሰሉን ከየት እናምጣ?»

መልስ፦ እውነት ነው አባባ፣ እኛም ያየነው ችግር ነው። የሚሻለው ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ በአንድ ድስት አንድ ጊዜ ማፍላት ነው። ወይም ገንፎና ሻይ በሚፈላበት ሰዓት ወተቱን አብሮ ጨምሮ ማንተክተክ ነው። ወተቱ ገንፍሎ ከተነሣ በቂ ነው፤ ለረጅም ጊዜ እሳት ላይ መቆየት የለበትም።

አንድ ወጣት፦ «ሐኪም ጋ ስሄድ የባህል መድኃኒት እንደምወስድ ብነግረው ይቆጣኛል ብዬ እፈራለሁ። ልንገረው?»

መልስ፦ ንገረው። የምትጠጣውን፣ የምትውጠውንና የምትቀባውን ሁሉ ንገረው። በተለይ ጥሬ ወተት ትጠጣ እንደሆነ ካልነገርከው ትኩሳትህ ብሩሴሎሲስ መሆኑን ላያስብ ይችላል፤ ለወባ ሲያክምህ ይከርማል። አስተርጓሚ ካስፈለገህ ከእኛ አንዱ አብሮህ ይሄዳል።

ወገኖቻችን፣ ንግግራችን በዚህ ያበቃል። በካምፕ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም ይህን ጽሑፍ ላላነበበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። በብሎካችሁ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው ካለ፣ ነገ ጠዋት አብራችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፈጣሪ ጤናውን ይስጣችሁ፤ ለሀገራችንም ሰላሙን ያውርድልን።